የሚያዝያ ባሕር

ባርባ ሽፒሮ ዕድሜያቸውን ሙሉ በባሕረ ሰላጤያችን ላይ ሰው በጀልባ ሲያሻግሩ የኖሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ ባርባ እኛ ጋ ለአዛውንት የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። እኛ ጎረቤቶቻቸው ስለ አየሩ የምንጠይቀው እሳቸውን ነበር።

"ባሕር ሰነፍ ነው" ይሉናል። "ከአየሩ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል። በጥቅምት እናንተ ሹራብ ስትደርቡ ውኃው የበጋውን ሙቀት ገና አልጨረሰም። በሚያዝያ ደግሞ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ውኃው ግን ገና ጥር ላይ ነው።"

ይህን እያወቁ ነው እንግዲህ ያን ቀን ያን ነገር ያደረጉት።

ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ የቀረቻቸው አንዲት ልጃቸው ያድራንካ ብቻ ነበረች። ራዶሳቭ የሚባል አናጺ፣ ከተራራው ከዣብልያክ፣ ላገባ ነው ስትላቸው ፊታቸው ጠቆረ። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም። ይዟት ወደ በረዶው አገር እንደሚሄድ ስለገባቸው ነው።

በፋሲካ ማግስት ራዶሳቭ ሊጠይቃቸው መጣ። ምሳ ተበልቶ፣ አረቄው ራኪያ ተጠጥቶ፣ እኔና ያድራንካም አብረናቸው ወደ ወደቡ ወረድን። ሙቀቱ የሰኔ ነበር። ራዶሳቭ የሸሚዙን ቁልፍ ፈታ።

"ምን ያለ አገር ነው! እኛ ጋ እኮ ገና በረዶ በአካፋ እየዛቅን ነው።"

"ታዲያ ምን ቆመህ ታያለህ? ግባበት እንጂ" አሉት ባርባ ሽፒሮ። "ውኃው እንደ ሾርባ ሞቋል።"

"እውነትዎን ነው ባርባ?"

"ከፈራህ ተወው። መቼም የተራራ ሰው ውኃ የሚያውቀው በባልዲ ነው።"

ወደቡ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ። ያድራንካ ብቻ "አባዬ፣ ተው እንጂ! ውኃው ገና..." ብላ ሳትጨርስ፣ ልጁ ከወደቡ ድንጋይ ላይ ተወርውሮ ነበር።

በጎኑ ወደቀ። ብቅ ሲል አፉ ተከፍቷል፣ ድምፅ ግን የለም፤ ብርዱ ትንፋሹን ቀምቶታል። ባርባ ሽፒሮ ከነጫማቸው ዘለው ገቡና በአንገትጌው ጎትተው አወጡት። ጥርሱ ይንገጫገጫል፣ ከግራ ጆሮው ደም ይወርዳል። ታምቡሩ ተቀዶ ኖሯል። ቁስሉ አመረቀዘ፤ ያ ጆሮ ከዚያ ወዲያ አልሰማም።

ሐኪም ቤቱ ደጃፍ ላይ ያድራንካ አባቷን ቀና ብላ አየቻቸው።

"ታውቅ ነበር።"

"ቀልድ እኮ ነው ልጄ።"

"ታውቅ ነበር አባዬ።"

በመከር ተራራው ላይ ተጋቡ። ባርባ ተጠርተው ነበር፤ ወገቤን አሞኛል ብለው ቀሩ። እሷም በስልክ ጤናቸውን ትጠይቃለች እንጂ ወደ እኛ አልወረደችም። እሳቸው ቤቱን ጠርገው፣ የእሷን ክፍል አናፍሰው ይጠብቃሉ። ደጃፋቸው ያለው የሚሞዛ ዛፍ ቢጫ አበባውን ሲያወጣ "ዘንድሮ ለዚህ እንኳ ትመጣለች" ይሉኛል። አልመጣችም።

እንዲህ ዓመታት አለፉ። በአንድ ጥር ማለዳ በሬን አንኳኩ።

"መኪናህ ተራራ ይወጣል?"

"በዚህ ብርድ?"

"ልጄን ልይ።"

ወሰድኳቸው። ራዶሳቭ ደጅ ድረስ ወጥቶ ሳማቸው፤ ከምድጃው አጠገብ አስቀምጦ ሥጋውን በገዛ እጁ ቆረጠላቸው። ቅያሜ ፊቱ ላይ ፈልጌ አጣሁ። በማግስቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሁለቱ ከፊት፣ እኔና ያድራንካ ከኋላ ነበርን። ባርባ በግራው በኩል ይራመዳሉ። በረዶው እግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። ድንገት ድምፃቸው ተሰማኝ።

"ልጄ፣ ያን ቀን ውኃው በረዶ መሆኑን አውቅ ነበር። እንድትዋረድልኝ ፈልጌ ነው። ይቅር በለኝ።"

ራዶሳቭ ወደ ፊቱ እያየ መንገዱን ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ ክንዳቸውን ያዘና "ያንሸራትታል ባርባ፣ ቀስ ይበሉ" አላቸው።

አልሰማቸውም። ያድራንካ እጅጌዬን ጨምድዳ ያዘች።

ስንመለስ ወጥ ቤት ጠርታ "አባዬ፣ በቀኙ ሆነህ ድገምለት" አለቻቸው።

"ነገ" አሉ።

በነጋው ቁርስ ላይ ስለ ጣውላ ዋጋ፣ ስለ ላሞች አወሩ። ከዚያ ተነሥተን ወረድን። ከተማችን ስንደርስ "እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ የሚወጣው አንዴ ነው" አሉኝ።

በተከታዩ ጥቅምት ሞቱ። ከቀብር በኋላ ራዶሳቭን ለብቻው አግኝቼ፣ ሽማግሌው ስለዚያ ቀን አንስተውልህ ያውቃሉ ወይ አልኩት።

"ኧረ የለም" አለኝ። "እኔ እንኳ ትቼው ነበር። እሷ ናት ከእሳቸው ጋር አውርታ ስልኩን በዘጋች ቁጥር ቁጭ ብላ ታለቅስ የነበረችው።"

ያድራንካ የአባቷን ልብስ እያጠፈች በመስኮቱ አየችን። ምን እንደምንባባል አልጠየቀችም።