ኮሪደሩ ላይ የለጠፍነው ታሪክ

እህቴ ሁለቱን ወንዶች ልጆቿን ከትምህርት ቤት ያስወጣቻቸው ትልቁ እዚያ እየተደበደበ ከንፈሩ ተሰንጥቆ መምጣት ባበዛበት ክረምት ነው። በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ አንዲት አሜሪካዊት ባልደረባዋ ልጆቿን ቤቷ እንደምታስተምር፣ ሕጉም እንደሚፈቅድ ነገረቻት። ታክሲ ነጂው ባሏ ነገሩን አልወደደውም። ትምህርት ቤት ማለት ደወል ያለው ነው ብሎ አጉረመረመ፤ የልጁን ከንፈር ሲያይ ግን ተወው። ሒሳብና እንግሊዝኛውን እህቴ ያዘች። ታሪክ ለእኔ ደረሰኝ፤ ዴንቨር መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ሳነብና ግጥም ስሞክር የምውል ሰው ስለሆንኩ።

መጀመሪያ ባመጣሁላቸው መጽሐፍ አፈርኩ። ወፍራም፣ ሽፋኑ ጠንካራ፣ በየምዕራፉ መጨረሻ ጥያቄ የተደረደረበት የትምህርት ቤት መጽሐፍ ነበር። ጥቂት ገጽ ሳንሄድ ትንሹ ወንበሩን በሁለት እግር ማቆም ጀመረ። ትልቁ ደግሞ እዚህ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ይወለዳሉ፣ ይፈርማሉ፣ ይሞታሉ አለኝ በእንግሊዝኛው። ልክ ነበር። ዴንቨር ዳር ኦሮራ ያለው አፓርታማቸው ወደ ላይ የሚከፈት መስኮት ነበረው፤ ገመዱ ስለተበጠሰ ብቻውን አይቆምም። በማግስቱ ስመጣ መጽሐፉን ከሥሩ አድርገው ደግፈውት አገኘሁ። የተሻለ ሥራ ስላላገኘሁለት እዚያው ተውኩት።

ከዚያ በኋላ መምረጥ ተማርኩ። የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ያረጁ መጻሕፍቱን ምድር ቤት ውስጥ ይሸጥ ነበር። አንዱን አነሳና መሀሉን እገልጣለሁ። በዚያ ገጽ ላይ የሚበላ፣ የሚፈራ ወይም የሚዋሽ ሰው ከሌለ እመልሰዋለሁ። ካለ የኮልፋክስ ጎዳናን አውቶቡስ ይዤ እያነበብኩ እሄዳለሁ፤ መውረጃዬ ካለፈኝ መጽሐፉ ለልጆቹ ነው። በረዶ ውስጥ ስለተቀረቀረች መርከብ ምግብ አብሳይ ያገኘሁት እንደዚህ ነው። ትንሹ ለሳምንታት ጓንት አጥልቆ ሾርባውን እየጠጣ አብሳዩን ሲሆን ሰነበተ።

ከሁሉ የበለጠ የወደዱት ግን የአንዲት ከተማን መከበብ የሚተርከውን ነው። አንዱን ቀን ከውስጥ ያለው ይጽፈዋል፣ ያንኑ ቀን ደግሞ ከውጭ ያለው ጠላቱ። አይገጥሙም። አንዱ ዝናብ ነበር ሲል ሌላው አቧራ ይላል። ከሁለቱ ማን እንደዋሸ ያዙ አልኳቸው። ጨዋታው እንዲህ ተጀመረ። ወንበር ላይ መቀመጥ አቅቷቸው የነበሩት ልጆች ምንጣፉ ላይ በደረታቸው ተኝተው ቀን ከቀን ሲያስተያዩ ይውላሉ። አንዱ ደራሲ በተያዘ ቁጥር የሚያሰሙት ጩኸት ከታች ጎረቤት ያሉትን ሶማሌ እናት ጣራ ያስደበድባቸዋል። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። የፈጠርኩት ግጥም እግር አውጥቶ ሲሮጥ የማይ ይመስለኝ ነበር።

ትልቁ አንድ ቀን የራሳችንንም እንያዝ አለ። ረጅም ወረቀት ኮሪደሩ ላይ ለጠፍንና የቤተሰቡን ታሪክ በዓመት በዓመቱ መደርደር ያዝን።

በዚያ ቤት አንድ የሚከበር ታሪክ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር እህቴ ታወራዋለች። ባሏ መንግሥት እየፈለገው፣ የገጠር ሰው መስሎ፣ ጋቢ ተከናንቦ ጎንደር ገብቶ የእናቱን ሬሳ ተሸክሞ ቀብሮ ነው ወደ ሱዳን የወጣው። ልጆቹም በቃላቸው ያውቁታል። ራሱ ሲያወራው ግን ሰምቼ አላውቅም። እሷ ስትጀምር ወይ ውሃ ሊጠጣ ይነሳል፣ ወይ የመኪናውን ቁልፍ ያገላብጣል። እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠኝም። ልብ ብዬ ነበር፤ ለምን እንደሆነም ማወቅ እፈልግ ነበር።

ልጆቹ አባታቸው ከአገር የወጣበትን ዓመት እናታቸውን ጠየቁ። ነገረቻቸው። አያታቸው የሞቱበትን ደግሞ ዋሽንግተን ያለች አክስታቸውን በስልክ ጠየቋት። እሷም ነገረቻቸው። ሁለቱንም ለጠፉ።

እሑድ ምሳ ላይ ነበርን። አባትየው ታክሲውን የሚያሳርፍበት ቀን ነው፤ ሸሚዙን አውልቆ በካናቴራ ተቀምጧል። ትልቁ ከኮሪደሩ መጣ። ፊቱ እንዴት እንደበራ ዛሬም ይታየኛል፤ ደራሲ ሲይዝ የሚበራው ያው ፊት ነው።

"ዳዲ፣" አለው በእንግሊዝኛ፣ "አያቴ የሞተችው አንተ ከወጣህ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ታዲያ እንዴት ቀበርካት?"

ሰባት የሚለውን እንደሰማሁ ገባኝ። አበሻ ሆኖ የማይገባው የለም። እህቴ የነገረቻቸው በእኛ አቆጣጠር ነው፣ አክስትየዋ በፈረንጅ። ልጆቹ ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ አስቀምጠዋቸዋል፤ እኔም አጠገባቸው ቆሜ ፕላስተር ስቆርጥላቸው አላየሁትም። አሁን ግን አይቼዋለሁ። አንዲት ቃል ብናገር ሁሉም ይስቅ ነበር፣ ምሳውም ይቀጥል ነበር። አልተናገርኩም። ፊቱን ማየት ፈለግሁ።

አባትየው እንጀራውን ሳህኑ ላይ መለሰ።

"አልነበርኩም" አለ በአማርኛ።

እህቴ ምን እንዳለ ያልገባት ይመስል ትኩር ብላ አየችው። እሱ ልጁን ነበር የሚያየው። መርዶው የደረሰው ሱዳን፣ ገዳሪፍ እንደነበር፣ ከወጣ ገና ወር እንዳልሞላው፣ ሬሳውን የተሸከመው ታናሽ ወንድሙ እንደሆነ ቀስ እያለ ነገረው። ከእናታችሁ ጋር የተዋወቅን ሰሞን አንዴ እናቴን ቀብሬ ወጣሁ አልኳት፣ ከዚያ እሷ ለሰው ስታወራው ማስተካከል አቃተኝ አለ። ልጁ ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ወዴት እንደሚሄድ አጥቶ ቆመ። ትንሹ አባቱንም ወንድሙንም ትቶ እኔን ያያል፤ ደራሲ ሲያዝ እልል የምለው እኔ ስለነበርኩ።

ያኔ ነው አፌ የተፈታው። "ጋሼ፣ ሰባት ዓመቱ እኮ የአቆጣጠር ነው" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለኝ። "አንተም ቀድመህ አውቀህ ነበር። አየሁህ።"

ከዚያ ሸሚዙን ለብሶ ወጣ። የዕረፍት ቀኑ ቢሆንም ታክሲውን ሲያስነሳ ሰማን። እህቴ ሳህኖቹን አነሳች።

ሰኞ ዳሱ ውስጥ ሆኜ፣ "አልነበርኩም" ብሎ የሚጨርስ ስንኝ ጻፍኩ። ጥሩ ስንኝ ነበር። ያሳፈረኝም እሱ ነው፤ እሑድ ዝም ያልኩት ለምን እንደሆነ እዚያ ቁጭ ብሎ ይታየኝ ነበር። ደንበኛ መጥቶ መስኮቱን እስኪያንኳኳ ድረስ አየሁት። ሳልጨርሰው ቀረ።

በሳምንቱ ውስጥ እህቴ እንደነገረችኝ ትልቁ ከአባቱ ጋር የሚያወራው ሲጠየቅ ብቻ ነው። አባትየው እዚያ ማዶ ነበርኩ ሲል፣ ይህን መንገድ አውቀዋለሁ ሲል፣ ስለ ትራፊክ እንኳን ሲያወራ ልጁ ቀና ብሎ ያየዋል። ያንን አተያይ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ቦርሳዬ ውስጥ አዲስ መጽሐፍ ይዤ መጣሁ። ወረርሽኝ ስለገባባት ከተማ ነው፣ መውረጃዬን ያሳለፈኝ። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። አባትየው ገብቶ ወደ መስኮቱ ሄደና የትምህርት ቤቱን መጽሐፍ ከሥሩ መዞ አወጣ። መስኮቱ ሊወድቅ ሲል ደርሼ ያዝኩት።

"ይሄ ምን ሆኖ ነው መደገፊያ የሆነው?" አለኝ።

"ይሰለቻል ጋሼ።"

"ይሁን" አለ፣ በመዳፉ የሽፋኑን አቧራ እየጠረገ። "እዚህ ውስጥ የማውቀው ሰው የለም።"

ሁለቱ መሀል ተቀመጠና በዚያ ከባድ እንግሊዝኛው ከመጀመሪያው ምዕራፍ ማንበብ ጀመረ። ሰዎቹ ተወለዱ፣ ፈረሙ፣ ሞቱ። ትንሹ እግሩን እንኳን አላንቀሳቀሰም። ምዕራፉ ሲያልቅ ትልቁ መጽሐፉን ከአባቱ እጅ ወሰደና መጨረሻ ላይ የተደረደሩትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ይጠይቀው ጀመር። አባቱ ይመልሳል። ልጁ ገጹን ያያል፣ ልክ ነህ ይለዋል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል።

ቦርሳዬን አልከፈትኩም። መስኮቱን በእጄ ደግፌ ቆሜ ነበር።