የሩት አያት ምን ሠሪ ነበሩ

ልጅ ሆኜ ጀርመን አገር ዚንድሊንገን በኖርንበት ሕንፃ ውስጥ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ደረጃውን ብወጣ እንኳ የማን ደጅ ላይ እንደደረስኩ በአፍንጫዬ አውቅ ነበር። ምድር ላይ የጀርመኗ አሮጊት የወለል ሰም፣ አንደኛ ፎቅ የእኛ ቤት ቁሌት፣ ሁለተኛ ፎቅ ደግሞ ትኩስ ዘይት ውስጥ የሚንጣጣ የሰናፍጭ ፍሬና ስሙን እስከ ዛሬ በአማርኛ የማላውቀው ቅጠል። ነፋሱ ከኬሚካል ፋብሪካው በኩል ሲነሳ ሁሉንም ያጠፋዋል፤ ያኔ እማዬ «መስኮት ዝጉ!» እያለች ትሯሯጣለች። ባለፈው ሳምንት ኒድ የሚባለው ሰፈር ውስጥ በአንድ የህንድ ሱቅ በር ሳልፍ ያ የሰናፍጭና የቅጠል ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ጥልቅ አለና እንደ ሞኝ ቆሜ ቀረሁ። የሩት ቤት ሽታ ነዋ!

ሩት ከላያችን የሚኖሩት ህንዶች ልጅ ናት። ዕድሜያችን እኩል፣ ክፍላችን አንድ ነበር። ላስቲክ ስንዘል እሷ ብብት ላይ የደረሰውን እንደ ቀልድ ትሻገረዋለች፤ እኔ ጉልበት ላይ ተጠልፌ እዘረጋለሁ። ከእሷ ሌላ ጓደኛ አልነበረኝም፤ ቁጡ ስለነበርኩ ሌሎቹ ይሸሹኝ ነበር፣ አሁንም ብዙ አልተሻለኝም። አባቷ ጋሽ ዳንኤል ፋብሪካው ግቢ ውስጥ በሺሽት ይሠራሉ፤ አንድ ሳምንት ቀን፣ አንድ ሳምንት ሌሊት። እናቷ እትዬ ሜርሲ አገራቸው ነርስ ነበሩ፤ እዚህ ግን ሙያቸው ተቀባይነት እስኪያገኝ ጀርመንኛ ይማሩ ነበር። ጋሼና እትዬ በያቸው ያለኝ አባባ ነው።

አባባ ህንድ ሲያይ ይቀልጣል። ደሴ ተማሪ ሳለ ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስተማሩት ህንዳዊ መምህር ነበሩ፤ እንግሊዝኛው ራሱ የሳቸው ነው፣ አንገቱን ግራና ቀኝ እየወዘወዘ ሲናገር እማዬ በሳቅ ትፈርሳለች። እነ ሩት ቤት የገቡ ዕለት ደረጃው ላይ ነው የያዛቸው። ስም ጠየቀ፣ አገር ጠየቀ፣ ክርስቲያን መሆናቸውን ሲሰማ ደስታው ወሰን አጣ፣ ከዚያ እንደ አገራችን ሰው «አባትህስ ምን ነበሩ?» አለ። ጋሽ ዳንኤል ሻንጣቸውን እንደያዙ «መምህር» አሉ። አበቃ! ከዚያን ቀን ጀምሮ ለአባባ እሳቸው የመምህሩ ልጅ ሆኑ፣ ቤታችንም ቤታቸው ሆነ።

በዚያ ዓመት በረዶው ሳይቀልጥ አንድ ወሬ ሕንፃውን ሳይሆን እኔን አስጨነቀኝ። የጋሽ ዳንኤል ፈርትራግ በጸደይ ያልቃል። የሥራ ውላቸው ካልታደሰ የመኖሪያ ፈቃዳቸውም አብሮ ያከትማል፤ ሩት ወደ አገሯ ትመለሳለች። የሚያድሰው ወይም የማያድሰው ደግሞ በቅርቡ የመጣው ሼፋቸው፣ አለቃቸው ማለት ነው፣ ዶክተር ራማን ነው፤ እሱም ህንድ። አባባ ይህን ሲሰማ ጭኑን መታ። «ህንድ ለህንድ! ታዲያ ምን ያሳስባችኋል? ሁለቱንም ቤቴ እጠራለሁ፣ አንድ ገበታ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ፣ በቃ፣ ወንድማማች ሆነው ይወጣሉ» አለ። እትዬ ሜርሲ እያመሰገኑ እንቢ አሉ፤ ጋሽ ዳንኤልም ሥራ አለብኝ አሉ። አባባ ይሉኝታ መሰለው። ይሉኝታ ከመሰለው ደግሞ ወዮላችሁ፣ የሚመልሰው የለም።

ነገሩ የገባኝ ምድር ቤቱ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ብርድ ሲሆን እዚያ ወርደን የሚሽከረከረው ማሽን ላይ እንቀመጥ ነበር፤ መቀመጫችን ይሞቃል፣ ጥርሳችን ይንቀጠቀጣል፣ የሳሙናው ሽታ ያውደናል። ሩት የዚያን ቀን አልሳቀችም። ህንድ አገር ሰው ሲወለድ ደረጃው አብሮት ይወለዳል አለችኝ። ከላይ ያሉ አሉ፣ ከታች ያሉ አሉ፤ ከታችኞቹም በታች የነሱ ወገን አለ። የነሱ እጅ የነካውን ላይኞቹ አይበሉም፣ ከላይኞቹ ጉድጓድ እነሱ ውሃ አይቀዱም። ሃይማኖት የቀየሩት ከዚያ ለማምለጥ ነበር። «ኦፓ መምህር አልነበረም» አለችኝ በጀርመንኛ፣ አያቴ ማለቷ ነው፣ ማሽኑ እየጮኸ እንኳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ ምን ሠሪ እንደነበሩም በጆሮዬ ነገረችኝ። በፊት በነበሩበት ከተማ አንድ ህንድ ሼፍ ይህንኑ ከደረሰበት በኋላ አባቷን ሥራ አሳጥቷቸዋል። ስለዚህ ዶክተሩ ከጠየቃት የምትመልሰውን እየተለማመደች ነበር። ኦፓ መምህር ነበር፣ ሒሳብ ያስተምር ነበር። እኔንም ደጋግማ አስጠናችኝ።

ማታ እማዬን «የሞተ ከብት ቆዳ መግፈፍ ነውር ነው?» አልኳት። ሌላ አንድ ቃል አልጨመርኩም። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፣ ቢላዋው ቆመ። ጣሪያውን፣ ማለት የነ ሩትን ወለል፣ ቀና ብላ አየች። «ወይ ጉዴ!» አለች። ከዚያ ስለ አንዲት የሸክላ ሠሪ ልጅ ነገረችኝ፤ እማዬ ባደገችበት መንደር ውሃ ስትጠይቅ ጣሳ አይሰጧትም፣ መዳፏ ላይ ነው የሚያንቆረቁሩላት፤ ቡዳ ናት ይባላል። «አብረን እንጫወት ነበር፤ ውሃ ሲጠማት ግን ጣሳዬን እደብቃለሁ። ማንም አላዘዘኝም እኮ» አለችና ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች።

ምስጢሩ የኛ አይደለምና ለአባባ አልነገረችውም። ግብዣውን ለማፍረስ ግን ያልፈነቀለችው ድንጋይ የለም። ራሴን አሞኛል አለች። ጾም ነው አለች። አባባ «እንዲያውም! ሰውየው ሥጋ አይቀምስም» ብሎ ይብስ ተደሰተ።

ቅዳሜ መጡ። ዶክተር ራማን ከነባለቤቱ፤ እሷ የሚያምር ሰማያዊ ሳሪ ለብሳለች፣ ጣፋጭ በካርቶን ይዛለች። (አንቱ ብዬ ልጽፍለት ነበር፣ እጄ እንቢ አለኝ።) ጫማውን በር ላይ አወለቀ፣ ስንተኛ ክፍል ነሽ አለኝ፣ ስለ ፈለክ ሲያወራኝ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ደግ ሰው ይመስላል፤ እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን እንዴት ይቀለኝ ነበር! ጋሽ ዳንኤል በዚያች ቀዝቃዛ ሳሎን ውስጥ ግንባራቸው ወዝቶ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሩት ከጎናቸው፣ እጇን በጉልበቶቿ መካከል ወትፋ።

እማዬ ብልሃት መፍጠሯ ነው፣ ለየሰዉ ሳህን ደርድራለች። አባባ የተደረደረውን አየ። «ምነው፣ ሆስፒታል ነው እንዴ?» አለና ሳህኖቹን ሰብስቦ ትልቁን ትሪ ራሱ አመጣው። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ሁሉም አንድ እንጀራ ላይ። ስድስት ትልልቅ ሰውና ሁለት ልጅ ከበብን። የዶክተሩ ሚስት ጠርዝ ጠርዙን በሁለት ጣት ትቆነጥራለች። እሱ ግን ይበላል፣ ያደንቃል፣ ይጠይቃል። ከየትኛው አውራጃ ነህ? ከየትኛው መንደር? ከመንደሩስ በየት በኩል? ቤተሰብህ ከጥንት ክርስቲያን ነው ወይስ በኋላ? ጋሽ ዳንኤል ባጭር ባጭሩ ይመልሳሉ። ጥያቄው ሁሉ በፈገግታ ነው፤ በእያንዳንዱ ግን የእትዬ ሜርሲ ትከሻ ትንሽ ዝቅ ይላል።

አባባ ሊያግዝ! «አባቱ እኮ መምህር ነበሩ!» አለ ደረቱን ነፍቶ። ዶክተሩ ቅንድቡን አነሳ። «እንዴት ደስ ይላል! አጎቴ በዚያ አውራጃ የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ነበር። የትኛው ትምህርት ቤት?» አለ። ጋሽ ዳንኤል የያዙትን ጉርሻ ሳይጎርሱት ትሪው ላይ መለሱት። አባባ ምንም አልገባውም፣ ይስቃል። ዶክተሩ መልስ ሲያጣ ወደ ሩት ዞረ፣ ጎንበስ አለላት፣ ለልጅ እንደሚናገር ሰው ለስለስ አድርጎ በጀርመንኛ «አንቺ ታውቂ ይሆናል። አያትሽ ምን ነበር የሚያስተምሩት?» አላት።

የተለማመደችውን ታውቀዋለች። እኔም አውቀዋለሁ፤ ሒሳብ በይ፣ ሒሳብ በይ እያልኩ በሆዴ ልፈነዳ ደረስኩ። አንድ ቃል ናት። ያቺን ቃል ካለች ምናልባት እዚሁ ትቀራለች። ሩት አባቷን ቀና ብላ አየች፣ አፏ ተከፈተ። ጋሽ ዳንኤል እጃቸውን አናቷ ላይ አኖሩ።

«ተዪ» አሏት። ከዚያ ወደ ዶክተሩ ዞሩ። «አባቴ መምህር አልነበረም። የሞተ ከብት ቆዳ ይገፍፍ ነበር። ፊደል አያውቅም። ቤታችን ከመንደሩ ወዲያ ነው፣ የጠየቅከኝ ይህንን ነው። ቤተ መቅደስ አትገቡም ስንባል ሰፈራችን በሙሉ ተጠመቀ፤ እዚያም የኋላውን አግዳሚ ለዩልን፣ የቀብር ቦታችንንም ለዩት። እኔ መዋሸት ለምጃለሁ። ልጄን ግን አታስለምዱብኝ።»

ዶክተር ራማን በናፕኪኑ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገ። «እኛ እኮ ይህን ነገር አገር ቤት ትተነው መጥተናል። እዚህ ማን ያስበዋል?» አለ። እጁ ግን ወደ ትሪው አልተመለሰም። ሚስቱ ቀድማ አቁማ ነበር። ጥቂት ቆይታ ራሴን አመመኝ አለች፣ ተነሱ፣ እማዬን አመሰገኑ፣ አባባን ጨበጡ፣ ለነ ጋሽ ዳንኤል ከሩቁ መዳፋቸውን ገጥመው ሰላምታ ሰጡና ወጡ። አንድ ክፉ ቃል ከአፋቸው አልወጣም።

አባባ በሩ ከተዘጋ በኋላም «ምንድን ነው የሆነው?» ይላል። እማዬ በአማርኛ አስረዳችው። ሲገባው መጀመሪያ የተሰማው፣ እውነቱን ልናገር፣ ሐዘን አልነበረም፤ ቅያሜ ነው። «እኔንም ዋሸኸኝ? በገዛ ቤቴ?» አላቸው። ጋሽ ዳንኤል አልተቆጡም። «ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ነው እኮ የጠየቁኝ። ምን ልበልዎት?» አሉ። እማዬ «ወጡ ቀዘቀዘ፣ ብሉ እንጂ!» ብላ ትሪውን ወደ ጋሽ ዳንኤል አስጠጋችና እሳቸው የመለሱትን ጉርሻ አንስታ ራሷ ጎረሰችው። እያለቀሰች ነበር።

ውሉ አልታደሰም። የሥራ ቦታዎች ተቀንሰዋል ተባለ። አባባ ሱፉን ለብሶ፣ ከረባቱን አስሮ፣ ሽማግሌ ነኝ ብሎ ዶክተሩ ቢሮ ሄደ። ቡና ተጋብዞ፣ በትሕትና ተሸኝቶ ተመለሰ። «አንድ ክፉ ቃል እንኳ አልተናገረኝም!» እያለ ሳሎኑን ተመላለሰበት፤ ቢሰድበው ይሻለው ነበር። በበጋ ሄዱ። አባባ የመጨረሻውን ሻንጣ ራሱ ተሸክሞ ደረጃውን ወረደ። ከሩት ጋር የደረጃው መስኮት ስር ተቃቅፈን ቆምን፣ እንደ ልጅ አልጮህንም፤ ከዚያ እናቷ ጠሯት። እኔ ምድር ቤት ገብቼ ማሽኑን ባዶውን አስነስቼ ላዩ ላይ ተቀመጥኩ፤ እንባዬ እስኪያልቅ አልወረድኩም።

ዛሬ እዚያው አቅራቢያ ሽቫንሃይም ነው የምኖረው። ወላጆቼ ያው ዚንድሊንገን ናቸው፣ አባባ ጡረታ ወጥቷል። ያኔ በአፍንጫዬ የምወጣው ደረጃ አሁን ምንም አይሸትም፤ በሮቹ ተቀይረዋል፣ ጥብቅ ብለው ይዘጋሉ፣ ከላይ ማን እንደሚኖር እማዬ እንኳ አታውቅም። ከሩት ጋር አልፎ አልፎ እንጻጻፋለን። ጀርመንኛዋ ዝጓል፣ ቃል እየጠፋት ትስቃለች። እኔ ግን ስጽፍላት ያቺው ብብት ላይ የምትዘለዋ ልጅ ናት የምትታየኝ።

ከነሱ መሄድ በኋላ የተወለደች ታናሽ እህት አለችኝ። ባለፈው እሑድ የምትወደውን ልጅ ይዛ መጣች፤ ከአገር ከወጣ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው፣ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ይጭናል። አባባ ወደደው። አጎረሰው፣ ቀለደበት፣ ስልክ ቁጥሩን ሁሉ ተቀበለው። ልጁ ተሰናብቶ ሲወጣ እህቴ ልትሸኘው ኮሪደሩ ላይ ጫማዋን ታስራለች። አባባ ጠጋ አላትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጨዋ ልጅ ነው። አባቱስ ምን ሠሪ ናቸው?» አላት። እኔና እማዬ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመናል፣ ሰማን።

እህቴ ነገር እየፈለገች አልነበረም፤ እውነትም አታውቅም። ከጫማዋ ቀና እንኳ ሳትል በጀርመንኛዋ «አላውቅም፣ ፓፓ። ለምን?» አለችው።

አባባ አፉን ከፈተ። እማዬን አያት፤ እማዬ አላገዘችውም። እህቴ አስራ ጨረሰች፣ ተነሳች፣ መልሱን ልትሰማ ፊቱ ቆመች።

«እንዲያው ነው» አላት በመጨረሻ፣ ዓይኑን ወለሉ ላይ ጥሎ።