የአያቴ አህያ ደልዳል

ስምንተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት ደብተር ከደብረ ታቦር ሱቆች ጠፋ። ዘመኑ የደርግ ነበር፤ የጠፋ ነገር ለምን ጠፋ ተብሎ አይጠየቅም። እናቴ ግን ነገሩ ተመቻት። «እስከ ወሩ መጨረሻ ደብተር ካላገኘሽ ቤት ውለሽ ገብስ ትፈትጊያለሽ» አለችኝ። የተናገረችውን የምታደርግ ሴት ነበረች።

በዚያው ሳምንት የክፍላችን ኃላፊ መምህር መመሪያ ይዞ መጣ። የጥጥ ጨርቅ ተቀቅሎ ወረቀት ይሆናል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ ለፋብሪካ የሚላክ ሁለት ኪሎ ቡትቶ ያመጣል፤ ደብተር የሚያገኘውም ያመጣ ብቻ ነው።

መምህሩ የአዲስ አበባ ልጅ ስለነበር በእኛ አገር ትርፍ ቡትቶ እንደሌለ አላወቀም። ጋቢ ሲያረጅ የሕፃን መታቀፊያ ይሆናል፤ ከዚያ የድስት ማውረጃ፣ ከዚያ የኩራዝ ክር። የቀረው ብጭቅጫቂ ደልዳል ውስጥ ይገባል፤ ጭነት ጀርባዋን እንዳይልጣት አህያ ላይ የሚደረገው ትራስ ውስጥ። ቤቱን ሁሉ በርብሬ ሁለት ኪሎ የሚሞላ ጨርቅ ያገኘሁት እዚያ ብቻ ነበር፤ በአያቴ አህያ ደልዳል።

ዓርብ ከሰዓት አያቴ ለቅሶ ሄደው ሳለ ደልዳሉን ተረተርኩት። ጨርቁን አውጥቼ የገብስ ገለባ ሞላሁበትና መልሼ ሰፋሁት። የእጅ ሥራ መምህሬ ብታየው ጥሩ ማርክ ትሰጠኝ ነበር።

ቅዳሜ አያቴ ጤፍ ጭነው ከመንደራችን ከጋፋት ወደ ገበያ ሲወጡ አብሬ ሄድኩ። ከተማው መግቢያ ላይ አንድ የሰው አህያ ከኋላ መጥቶ ከደልዳሉ ጫፍ ገለባ መዘዝ አደረገ። ስፌቴ እዚያ ላይ ደካማ ነበር። ገበያው ስንደርስ አራት አህዮችና አንድ ወይፈን ተከትለውናል።

«አባባ፣ አህያዎ ድግስ ጠርታለች እንዴ?» አለች ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት።

«ዝም በይ አንቺ! ጤፌ ሸቷቸው ነው።»

«ጤፉማ ከላይ ነው። እነሱ የሚበሉት ከሥር ነው።»

አያቴ ዞረው አዩ። ደልዳሉ ግማሹ አልቆ ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ተንጋዷል። ከተተረተረው ቦታ አንድ እፍኝ ገለባ መዘዙና ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔ ሰማዩን አየሁ።

«ዝናብ የሚመጣ ይመስልሻል?» አሉኝ።

«አይመስለኝም፣ አባባ።»

«ይመጣል» አሉ።

ቤት ስንገባ መጣ። አለንጋ አላነሡም። ለአህያዋ አዲስ ደልዳል እስኪሰፋላት ድረስ ውሃውንም ማገዶውንም በጀርባዬ እንድሸከም ፈረዱብኝ። አህያዋ ጥላ ሥር ቆማ ስመላለስ ታየኛለች። ጨርቁን ግን አልነጠቁኝም። «አንዴ ከወሰድሽው ቁም ነገር ይሁን» አሉ።

ሰኞ መምህሩ ጨርቄን ሚዛን ላይ ሲያደርግ አፍንጫውን ያዘ።

«ይሄ ምንድን ነው የሚሸተው?»

«የአያቴ ነው፣ መምህር።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ስሜ ግን ተመዘገበ።

ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ደብተር መጣ። ልቀበል ስገባ የትምህርት ቤቱ መጋዘን ተከፍቶ ነበር። ፋብሪካ ሳይላክ ከነጆንያው የተቀመጠው የእኛ ጨርቅ ነው፤ በእኔው ላይ ድመት ወልዳበታለች። ይህን ለቤት ሰው አልተናገርኩም።

እናቴ ደብተሩን አይታ ገብሱን ራሷ መፈተግ ጀመረች። አያቴ ግን ተቀብለው አገላብጠው አሸተቱት። «እሱው ነው» አሉ በሙሉ ልብ። ይዘውት ወጥተው አህያዋ አፍንጫ ሥር አደረጉት። «ይኸው፣ ንብረትሽን እወቂው።»

አህያዋ አሸተተችው። ከዚያ ቦጨቀችው። ሮጬ ስነጥቃት የሁሉም ገጽ የላይኛው ጥግ በጥርሷ ልክ ሄዷል። አያቴ ሲስቁ ከዘራቸው ወደቀ።

ዓመቱን ሙሉ ያን ጥግ እየዞርኩ ጻፍኩ። መምህሩ የመጀመሪያውን የቤት ሥራ ሲያርም ደብተሩን ወደ ላይ አነሣው።

«ይህን ማን ነው የበላው?»

«ባለንብረቷ ናት፣ መምህር» አልኩት።