እሺ ሳይሉን ያስቀመጡን ዶክተር

የልጆችን ጀርባ ሲያቃኑ የኖሩት ዶክተር ሰብለ ባለፈው ሐሙስ አርፈዋል። መታመማቸውን እንኳ የሰማነው ካረፉ በኋላ ነው፤ ይኼም አናዶኛል። ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ «ገራገር ነበሩ» ሲል ዋለ። ሞቱ ብዬ አልዋሽም። እንደ እሳቸው ያለ ግትር ሰው አይቼ አላውቅም።

የልጅ ልጄ ሶስና ገና ሕፃን ሳለች አከርካሪዋ ወደ ጎን ተጣመመ። ጀሶ ታሰረላት፤ አልመለስ አለ። ትንፋሿ ማጠር ጀመረ። ዶክተር ሰብለ ጀርባዋ ውስጥ ብረት እንደሚያስገቡ፣ ባደገች ቁጥርም እየከፈቱ እንደሚያስረዝሙት ነገሩን። እስከ መቼ ብል፣ እስክታድግ አሉኝ። ይኼ መልስ ነው?

እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። ሳይቀደድ ከውጭ በማግኔት የሚረዝም ብረት አለ። እሱ ካልሆነም አንዴ አቃንቶ፣ አጥንቱን አጣብቆ መገላገል አለ። ልጄ «አባዬ፣ ዝም ብለህ ትረስት አድርጋቸው» አለችኝ። እምቢ አልኩ።

ሽማግሌ ይዤ ሄድኩ። እዚህ በስደት በምንኖርበት አገር፣ ዶራቪል ከተማ የምግብ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ሙዘሚልና ኮንየርስ ከተማ መጋዘን ውስጥ የሚሠራው ጓደኛዬ ንጉሤ ነበሩ። እሁድ ከሰዓት ጋቢ ለብሰን ፒችትሪ ኮርነርስ ከተማ ዶክተር ሰብለ ቤት ገባን። ተቀመጡ ቢሉን፣ እሺ ካላሉን አንቀመጥም አልን። ደንቡ ነው፤ ሙሽራ ሲጠየቅም፣ የተጣላ ሲታረቅም ሠርቷል። ሐጂ ነገሩን አቀረቡ፤ ልጅቷ አንዴ ተቀድዳ ትገላገል አሉ።

ዶክተር ሰብለ እሳቸውም ቆመው ሰሙን።

«ጋሽ ታደሰ፣ ሳንባዋ የሚያድገው ደረቷ ውስጥ ነው። ጀርባዋን ዛሬ ብቆልፈው ደረቷም እዚሁ ይቀራል። አድጋ በሕፃን ደረት ትተንፍስ?»

ማግኔቱስ አልኩ። ማግኔቱን ለሌሎች ልጆች እንደሚያስገቡት፣ የሶስና ኅብለ ሰረሰር ግን በየጊዜው በኤምአርአይ መታየት ስላለበት፣ ማግኔቱ ምስሉን እንደሚያበላሸው ነገሩኝ። የሳቸውም ብረት ሊሰበር፣ ቁስሉም ሊያመረቅዝ እንደሚችል አልደበቁም። ግን እሺ አላሉም።

ቆምን። ንጉሤ ደከመውና ተቀመጠ። ሐጂ «አንተ አሳፋሪ» አሉትና ከጎኑ ተቀመጡ። እኔና እሳቸው ፊት ለፊት ቀረን።

«ጋሽ ታደሰ፣ እኔ እንደሆን ሥራዬም ቆሞ ነው» አሉኝ።

ተቀመጥኩ። እራት አብልተው ሸኙን።

ከዚያ ወዲህ በየቀዶ ጥገናው እኔ ኮሪደር ላይ ቆሜ እጠብቅ ነበር። እሳቸው ዓይናቸው ቀልቶ ይወጡና፣ ከማንም በፊት ወደ እኔ መጥተው «ይቀመጡ ጋሼ፣ ደህና ናት» ይሉኝ ነበር። አንዴ ብረቱ ተሰበረ። ጮህኩባቸው። «ነግሬዎት ነበር» ቢሉኝ ደግ ነበር፤ እንጣላ ነበር። እሳቸው ግን ጩኸቴን እስክጨርስ ጠብቀው፣ ሊቀይሩት ገቡ።

አሁን ሶስና አድጋለች። ጀርባዋ ለመጨረሻ ጊዜ የሚቆለፍበት ቀዶ ጥገና ቀርቷታል። እሱን እኔ ነኝ የምሠራው ብለው ነበር።

ዶክተር ሰብለ፣ እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ሆስፒታሉ ሌላ ሐኪም ይሠራዋል አለን፤ እንግዲህ ኮሪደሩ ላይ ማን ይቀመጡ ሊለኝ ነው? በቀብርዎ ዕለት ወንበር አመጡልኝ። እምቢ ብዬ ቆምኩ። እሺ የሚለኝ እንደሌለ እያወቅሁ ቆምኩ። ከጎኔ ሶስና፣ በቁመት በልጣኝ፣ ትንፋሽ ሳያጥራት በሙሉ ደረቷ ስታለቅስ ሰማሁ። ያኔ ተቀመጥኩ። እርስዎም ይረፉ፤ ብዙ ቆመዋል።