በሕይወት ላለ ሰው የሚሆን አካፋ

ኑርሁሴን የሰፈሩን የቅሬ፣ የቀብር እድሩን፣ ዕቃ መጠበቅ ከጀመረ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ ዶማው፣ አካፋው በእሱ እጅ ነው፤ ሰው ሲሞት ቀድሞ የሚንኳኳውም የእሱ በር ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን አካፋ መምረጥ አስጨንቆት አያውቅም። መቃብር አይቸኩልማ! እጀታው ቢሰበር ሌላ እስኪመጣ አፈሩ ላይ ቁጭ ይባላል።

አምና ክረምት ግን ናዳ ወርዶ የጎረቤቱን የኢዘዲንን ቤት ሲውጠው፣ ያ የቅሬ አካፋ ገና ሦስት ጊዜ ሳይዝቁበት አንገቱ ላይ ተቆለመመ። ኢዘዲንን በእጃቸው ጭረው አወጡት፤ ዘግይተው ነበር።

ዘንድሮ ደግሞ ከሁሪያ ቤት በላይ ያለው ተረተር ተሰነጠቀ። ሁሪያ ልጁ ናት፤ ከወለደች ገና ሃያ ሦስት ቀኗ። ስንጥቁ ሰኞ ጣት ያስገባ ነበር፣ ሐሙስ ክንድ ዋጠ። ውጪ ብሎ ለመናት። አማቷ ከድጃ ግን አራስ አርባዋ ሳይሞላ ቤት አትለቅም ብላ ከለከለች። እሱም አጥብቆ አልተከራከረም፤ የእናቱም ወግ ይኸው ነበርና። የሚችለውን ላድርግ ብሎ አርብ ከጁምዓ በኋላ አካፋ ሊገዛ መርሳ ከተማ ወረደ።

የስዩም ሱቅ ውስጥ ያለውን አካፋ ሁሉ አንድ በአንድ እያነሳ በድንጋይ አንኳኳ፣ በእግሩ ረገጠ፣ የብየዳውን ጠርዝ በጥፍሩ ፈተገ። አንዱ ላሜራው ስስ ነው፣ አንዱ እጀታው ጉጥ አለው። በመሀል በመሀል ብቅ እያለ ጋራው ላይ የሚከመረውን ደመና ያያል።

«አባባ፣ አካፋ ነው የሚገዙ ወይስ አማች ነው የሚመርጡ?» አለው ስዩም።

ነገሩን ሲነግረው ስዩም ሳቁን ዋጠ። ከጓዳ አንድ ወፍራም አወጣለት፤ ብየዳ የለውም፣ አንገቱ ከአፉ ጋር አንድ ወጥ ብረት ነው። ኑርሁሴን ቆመበት፤ አልጎበጠም። ፍርስራሽ ውስጥ የሚዝቅ ሰው ተንበርክኮ ነውና እጀታውን አሳጠረው።

«የት ነው የሚያኖሩት?» አለ ስዩም።

«ከቤቴ በር ጀርባ ነዋ።»

«ቤትዎ ከልጅዎ ቤት ይርቃል?»

ኑርሁሴን ሒሳቡን ከፍሎ አካፋውን አነሳ። የእሱና የሁሪያ ቤት አጥራቸው አንድ ነው። ተረተሩ ከመጣ አካፋውም እሱም አብረው ከሥር ናቸው።

ባጃጅ ውስጥ አካፋውን በጉልበቶቹ መሀል አጣብቆ የሰፈሩን ቤቶች በሐሳቡ ዞረ። ናዳ የማይደርስበት አንድ ብቻ አገኘ፤ ከወንዙ ማዶ፣ አለቱ ላይ ያለው የእትዬ ሙሉ ቤት። እሷ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። ወደ ቤቱ ሳይገባ በቀጥታ ወደዚያ ሄደና፣ አደራ፣ ከደጅሽ አይነሳ፣ ናዳው የመጣብን ቀን ለጎበዛዝቱ ስጪልን አላት።

እትዬ ሙሉ አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቆም ብላ አየችው።

«ለአካፋው ደህና ቦታ ፈለግህለት» አለችው። «ለሁሪያ ግን አጣህላት?»

«አርባዋ አልሞላም እኮ።»

«እኔ ቤትም አራስ ትታረሳለች። ከድጃም ትምጣ፣ ቁጣዋንም ይዛ።»

ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ኑርሁሴን መሮጥ በረሳ እግሩ ወደ ወንዙ ወረደ። ለከድጃ የሚለውን ሲፈልግ ሲፈልግ አንድም ቃል ሳይመጣለት ሁሪያ ቤት ደረሰ። ሰላምታም አልሰጠ፤ ጎንበስ ብሎ ሕፃኑን ከነመጠቅለያው አነሳ።

«ተነሺ» አላት ሁሪያን።

ከድጃ ልትናገር አፏን ከፈተች። ከላይ፣ ከተረተሩ፣ ድንጋይ ሲንከባለል ተሰማ። አፏን ዘጋችና ፍራሹን መጠቅለል ጀመረች።