የእትየ አዛለች ቀኝ እጅ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አንድ ጊዜ ጀምሬ በመሃል ፈራሁና "ከሰው ተጣልቻለሁ" ብዬ አሳጠርኩት። እሳቸውም ምን ያድርጉ፣ ለጥል የሚሆን አርባ ስግደት ሰጡኝ። ሰግጄ ጨረስኩ፣ ጉልበቴን አሞኝ ተኛሁ። እግዜርን በአርባ ስግደት ላታልል የሞከርኩ ሴት ነኝ። አሁን የምነግራችሁ ያኔ የዋጥኩትን ነው፤ ስትሰሙኝ አትዘኑልኝ።

እትየ አዛለችን ሸሕዲ ከተማ ውስጥ የማያውቃት ሴት አልነበረችም። ፀጉር ሠሪ ነበረች። በወጣትነቷ ከደጋ ወርዳ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዕድሜዋን የሰው ራስ ስታሳምር ኖረች። የሙሽራ ሹርባ የፈለገች ከኮኪትም ከገለጉም ወደ እሷ ነበር የምትመጣው። በዚያ የቆላ ሙቀት ላቧ እየተንጠባጠበ፣ ሚዶዋን ከማንሳቷ በፊት ታማትባለች። እጇ ሲሠራ ከንፈሯ ውዳሴ ማርያም ይደግማል። ደንበኛዋ ሐሜት ከጀመረች ጸሎቷን ጮክ ታደርገዋለች፤ ሴትዮዋ አፍራ ዝም ትላለች። እሑድና የማርያም ዕለት ሙሽራ ብታለቅስባትም አትሠራም። እኔ፣ ስሜ ሙሉ ነው፣ አራት ዓመት አብሬያት ሠርቻለሁ፤ እጄን ይዛ ሙያ ያስተማረችኝ እሷ ናት።

አንድ ልማድ ነበራት። የረገፈ ፀጉር በመጥረጊያ አትጠርግም፣ በእጇ ትለቅማለች። ፌስታል ውስጥ ታጠራቅመውና ሲሞላ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ካለው ግራር ሥር ትቀብረዋለች። "እግዜር አንድ አንዱን የቆጠረውን እኔ አላስረግጥም" ትል ነበር። ሌላው ሰው የረገፈ ፀጉሩን የሚደብቀው መተት እንዳይሠራበት ፈርቶ ነው፤ እሷ ግን ለክብሩ ነበር። ያን ፌስታል ስንት ጊዜ እኔ ራሴ ተሸክሜዋለሁ፣ ስንት ጊዜ ጉድጓዱን እኔ ራሴ ቆፍሬያለሁ። ይህን ያዙልኝ። ምን እንደሆነ አውቅ ነበር።

ባሌ የትራክተር ሹፌር ነበር። የሰሊጥ አጨዳ በደረሰበት ሰሞን ኮኪት ላይ ሌላ ሴት አገባ። አገባ ስላችሁ ተደብቆ አይደለም፤ ድንኳን ጥሎ፣ በሆታ። እኔ እዚህ ልብሱን አጥቤ እጠብቀዋለሁ። በሳምንቱ ቅዳሜ ሥራ ገብቼ ሳለ፣ ራሷን ለእትየ አዛለች ሰጥታ የተቀመጠች አንዲት ደንበኛ "ያችን የኮኪቷን የሹፌሩን ሙሽራ እንዴት አሳምረሽ ሠራሻት በይ! እኔንም እንደሷ አርጊኝ" አለቻት። የእትየ አዛለች እጅ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ።

"ኮኪት ድረስ ተጠርቸ ሠርቻታለሁ፣ ሙሉየ" አለች። መዋሸት አታውቅም። "ሙሽራው ሲመጣ ነው ባልሽ መሆኑን ያየሁት። እንዴት ብየ ልንገርሽ እያልሁ ሳምንቱን ሙሉ ስጸልይ ከረምሁ።"

ባሌ ሩቅ ነበር። ሴትየዋም ሩቅ ነበረች። እትየ አዛለች ግን እዚያው አጠገቤ ነበረች።

ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ፌስታል መንጭቄ ወጣሁ። መንገዱ ለአጨዳ በወረዱ የቀን ሠራተኞች፣ እኛ ሳሉግ በምንላቸው፣ ተጨናንቋል። ያልያዘ የለም፣ ዱላም ማጭድም። ፌስታሉን ቀድጄ ፀጉሩን በተንኩት። "መተተኛ! ትዳሬን ያፈረሰችው እሷ ናት! የስንቱን ሚስት ፀጉር ቋጥራ ይዛለች!" ብዬ ጮህኩ። ሚስቱን አገሩ ትቶ የመጣ ወንድ ይህን ሲሰማ ምን ያደርጋል? ምን እንደሚያደርግ አውቅ ነበር። ለዚያም ነው የጮህኩት።

ጎትተው አወጧት። ነጠላዋ ከአንገቷ ተገፎ ተረገጠ። የመጀመሪያው ዱላ ትከሻዋ ላይ አረፈ፣ ሁለተኛው ግንባሯን ፈነከተው። ደሙ ዓይኗ ውስጥ ሲገባ በክንዷ ጠረገችና በጉልበቷ ልትነሣ ሞከረች፤ አንዱ ወገቧን በእርግጫ ብሎ መልሶ ደፋት። ሰው ሲደበደብ የሚሰማው ድምፅ ማሽላ ሲወቃ የሚሰማው ነው። አልጮኸችም። "እመቤቴ፣ እመቤቴ" ብቻ ትላለች፤ ቀኝ እጇን አፈሩ ላይ ዘርግታ የበተንኩትን ፀጉር ትሰበስባለች። እየደበደቧት ትለቅም ነበር! ያ ነው ያሳበደኝ። ተጠጋሁና ያን እጅ ረገጥኩት። አንድ ጊዜ አይደለም፤ በተረከዜ፣ ክብደቴን ሁሉ ጥዬ፣ ሦስት ጊዜ። ጣቶቿ ሲሰበሩ ከጫማዬ ሥር ተሰማኝ። ደም ባልሸፈነው ዓይኗ ቀና ብላ አየችኝ። አወቀችኝ።

ያዳኗት ጎረቤቷ ባለሱቁ ሐጂ አወል ናቸው። በዚያ ሁሉ ዱላ መሃል ገብተው በላይዋ ተደፉባት። "አላህን አትፈሩም ወይ? የልጆቼን ራስ የምትሠራ ሴት ናት! መጀመሪያ እኔን ግደሉኝ!" አሉ። ሽማግሌ ለመምታት የደፈረ አልነበረም። ጎትተው ሱቃቸው አስገቧትና በሩን ዘጉ፤ ሰዉም ተበተነ።

በሽምግልናው ዕለት ድንጋይ ተሸክሜ እግሯ ላይ ወደቅሁ። "መተት መስሎኝ ነው፣ ተሳስቼ ነው" አልኩ። ሽማግሌዎቹም "ተሳስታ ነው" አሉ፤ ከተማውም እስከ ዛሬ "ሙሉ ተሳስታ ነው" ይላል። አልተሳሳትኩም። እጇን ማን እንደሰበረው ሲጠይቋት "በዚያ ግርግር መሃል ምኑን አይቸ" አለችና ድንጋዩን በግራ እጇ ከትከሻዬ አወረደችልኝ። ከአፏ የሰማሁት አንድ ውሸት ያ ነው። ቀኝ እጇ ተጣሞ ዳነ፤ ከዚያ ወዲያ ሹርባ አልሠራችም። ስንቷን ሙሽራ የዳረ እጅ አመድ አፋሽ ሆኖ ቀረ። ደንበኞቿንም የወረስኩት እኔው ነኝ፤ ባስተማረችኝ ሙያ ሠራኋቸው።

ባለፈው ክረምት ክፉ ወባ ጣለኝ። እየዳንኩ ስመጣ ፀጉሬ በእፍኝ በእፍኝ ይረግፍ ጀመር። ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው አልነበረም፤ እሷ መጣች። ከኋላዬ ተቀምጣ በግራ እጇ አበጠረችኝ። የረገፈውን በእነዚያ በተጣመሙ ጣቶቿ እየለቀመች መሐረብ ላይ አኖረችው። ውዳሴዋን ስትጨርስ መሐረቡን ቋጥራ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

"ቅበሪው፣ ሙሉየ። የኔ እጅ አይቆፍርም" አለች። ቀጥላም "ለማንም አልነገርሁም። ራስሽ ብትናገሪው ነው የሚቀልሽ ብየ ስጠብቅሽ ነው" አለችኝ።

ምን ያልኳት ይመስላችኋል?

"ምኑን?" አልኳት።

ጣቶቿ ዓይኔ ሥር ሆነው "ምኑን" አልኳት! ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች፣ "እግዜር ይማርሽ" ብላ ሄደች። በዐቢይ ጾም ሞተች። በቀብሯ ዕለት የሸሕዲ ሴት ሁሉ ሹርባዋን ፈትታ አለቀሰች፤ ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነበርኩ። "አቤት ስትወዳት!" አለ ሰው። መውደዱንስ እወዳት ነበር። ይህ ጥፋቴን ያከብደዋል እንጂ ምን ይቀንስልኛል?

መሐረቡ አሁንም ፍራሼ ሥር ነው። አልቀበርኩትም፣ በምን እጄ? እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ የረገጥኩት እናንተን አይደለም። ቅናት ነው፣ ባሌ ነው፣ ሰይጣን ነው ብዬም አላመካኝም። ሰይጣን ጫማ አያደርግም፤ ያ ጫማ የኔ ነበር። ነገ ወደ ነፍስ አባቴ እሄዳለሁ። አርባው ስግደት የጥል ነበር፣ የዚህኛውን ገና አልጀመርኩም።

እትየ፣ ያን ቀን "ምኑን?" ብየሽ ነበር። እጅሽን ነው። የረገጥሁት እኔ ነኝ።