አረንጓዴው መስመር

በ1960 ዓ.ም.፣ በዐቢይ ጾም ነበር። ትናንት የልጅ ልጄ ድምፄን በስልኳ ስትቀዳ እንደ ሚዶ ጥርስ የተደረደረ መስመር አየሁና ያ ጾም ትዝ አለኝ።

ልጄ ለተብርሃን በአምስት ዓመቷ ታማ ጆሮዋ ተዘጋ። በዓመቱ መስማት የተሳናቸው ልጆች ወደሚማሩበት ክፍል ወሰድኳት። ከሸዋ የመጣው መምህር አንድ መሣሪያ ነበረው፤ በማይክሮፎኑ ሲናገሩ እንደ ቴሌቪዥን ባለ መስታወቱ ላይ አረንጓዴ መስመር እንደ ሞገድ ይወዛወዛል። እሱ «አ» ይልና የድምፁን መስመር በሰም እርሳስ መስታወቱ ላይ ይስለዋል። የልጄ መስመር በዚያ ላይ መግጠም አለበት። እስከ ፋሲካ ካልገጠመ ቦታዋ ለሌላ ልጅ ይሰጣል።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከሰፈራችን ከእዳጋ ሓሙስ ልጄን ይዤ በባዶ ሆዴ በአውቶቡስ እመላለሳለሁ፤ ፌርማታው አጠገብ ያለው ዳቦ ቤት የትኩስ ባኒ ሽታው ይፈትነኛል። ስንደርስ ያው ነው፤ «አይደለም! እንደገና!» ይላል መምህሩ። ልጄ ጮኻ ጮኻ ላብ ያጠምቃታል። አይገጥምም።

በስድስተኛው ሳምንት ትዕግሥቴ አለቀ።

«መምህር፣ የእርስዎ መስመር ጥርሱ የተራራቀ ሚዶ ነው፤ የእሷ የቅማል ሚዶ። የወንድ ድምፅና የሕፃን ድምፅ እንዴት ይገጥማል?»

«እልኸኛ ናት እኮ፣ እኅቴ!»

«እልኸኛስ መሣሪያዎ ነው።»

ሳቀ። «እንግዲያው ነይ፣ አንቺ ተናገሪ።»

ማይክሮፎኑ ፊት የምለው ጠፋኝ። ለማትሰማ ልጅ ምን ይወራል ብዬ ቤት ውስጥ ዝም ካልኳት ዓመት ሆኖኝ ነበር። እንደ ልማዴ በከንፈሬ ብቻ ጸለይኩ። መስመሩ ንቅንቅ አላለም።

«እግዜር ይሰማል፤ ይሄ ግን አይሰማም» አለኝ።

ተናደድኩ። ድሮ ከግቢ እንደምጠራት «ለተብርሃን!» አልኩ። መስመሩ ዘለለ። ልጄ መስታወቱን አየች፣ አፌን አየች፣ ድገሚው ብላ ክንዴን ጎተተች።

መምህሩ የራሱን መስመር በመሐረቡ ጠርጎ እኔን «አ» አስባለና የእኔን ሳለ። ለተብርሃን መዳፏን አንገቴ ላይ አድርጋ የድምፄን ንዝረት እየዳሰሰች ሞከረች። በሦስተኛው፣ ትንሽ ቢወላገድም፣ ገጠመ።

«ትቆያለች» አለ መምህሩ።

«የቐንየለይ» ብዬ በትግርኛ አመሰገንኩት። ዛሬም በጸሎቴ አነሳዋለሁ። ያን ሁሉ ሳምንት በእሱና በመሣሪያው ስበሳጭ፣ ልጄን ዝም ያልኳት እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ወትሮው ወዝውዤ አላስነሳኋትም። መዳፏን ጉሮሮዬ ላይ አደረግሁና ዓይኗን እስክትገልጥ ስሟን ጠራሁ።